ያልተሠራ ፊልም እንዴት «ይታደሳል»? ስኮርሴዚ ለሂችኮክ እጅ የነሣበት የዘጠኝ ደቂቃ ማስታወቂያ

ሰው ማስታወቂያ ፈልጎ አያይም። ማስታወቂያው ነው ሰውን ፈልጎ የሚመጣው። ዩቲዩብ ላይ አምስቷ ሰከንድ እስክታልቅ ጣታችን «ዝለል» የምትለዋ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ቴሌቪዥን ከሆነ ደግሞ ለሌላ ሥራ ብድግ የምንለው ያኔ ነው።

ዛሬ የምናወራው ግን ሰዎች ራሳቸው ፈልገው ከፍተው፣ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቁጭ ብለው ያዩትን ማስታወቂያ ነው። የሚያስተዋውቀው አንድ የስፔን ወይን ነው። የሠራው ደግሞ «ታክሲ ድራይቨር»ንና «ጉድፌላስ»ን የሠራው ማርቲን ስኮርሴዚ። ርዕሱ «ዘ ኪይ ቱ ሪዘርቫ» ይባላል፤ «የሪዘርቫ ቁልፍ» እንደማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ፣ ማለትም እኛ ሚሊኒየማችንን ባከበርንበት በ2000 ዓ.ም. ነው።

የድሮ ነገር ነው፤ ታዲያ ለምን አሁን አነሣነው? በደባርቅም በዳባትም በስልክ ካሜራ ማስታወቂያ የሚሠሩ ልጆች እየበዙ ስለሆነ ነው። ለሆቴል፣ ለሞባይል መሸጫ፣ ለመለዋወጫ ሱቅ፣ ለተራራ አስጎብኚ ይሠራሉ። ጎበዞች አሉባቸው። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አብዛኛው ሥራ አንድ ዓይነት ነው፦ ገደሉ ከላይ፣ ከዚያ ጭላዳ፣ ከዚያ ዋልያ፣ ከዚያ የሱቁ ስምና ስልክ ቁጥር፣ ከኋላ ጮክ ያለ ሙዚቃ። ምስሉ ከማን እንደተወሰደ አይታወቅም። ሙዚቃውም እንደዚያው። ለነዚህ ልጆች «እስቲ ይሄን እዩት» የምንለው አንድ ሥራ ምረጡ ብንባል ይሄን እንመርጣለን።

ነገሩ እንዲህ ነው

ማስታወቂያው የሚጀምረው እንደ ዘጋቢ ፊልም ነው። ስኮርሴዚ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ቃለ ምልልስ ይሰጣል። እንደ ልማዱ በጥድፊያ ነው የሚያወራው። የሚለው ይሄን ነው፦ አልፍሬድ ሂችኮክ ሳይሠራው የቀረ አንድ የፊልም ጽሑፍ፣ ሦስት ገጽ ተኩል ብቻ፣ እጁ ገብቷል። ከመሀል አንድ ገጽ ጠፍቷል። አሁን ይሄን ጽሑፍ ወደ ፊልም ሊለውጠው ነው። ግን በራሱ መንገድ አይደለም፤ ሂችኮክ ራሱ በዘመኑ ቢሠራው ኖሮ እንደሚሠራው አድርጎ ነው። የተሠራ ፊልም ማደስ አንድ ነገር ነው፣ ያልተሠራ ፊልም ማደስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው ይላል፤ ይሄን ሲል ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል የለም። ወረቀቶቹን የሚይዛቸው እንደ ጥንት ብራና በጥንቃቄ ነው።

ከዚያ «ፊልሙ» ይጀምራል። ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ፣ ከታች ኦርኬስትራ፣ ከላይ የሀብታም መቀመጫ። ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ መልከ መልካም ሰውዬ (ተዋናዩ ሳይመን ቤከር ነው) ሙዚቃው ተጀምሮ ሳለ ይገባል። የሆነ ነገር ይፈልጋል። ቁልፍ ያገኛል። ቁልፉ የሚከፍተው ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ ጠርሙስ አለ። እሱ ላይ ሆኖ ሲበረብር፣ ታች ከሙዚቀኞቹ መሀል አንዱ ዓይኑ ኖታው ላይ አይደለም። ሰውዬውን ያያል። እኛ እናያለን፤ ሰውዬው ግን አያይም። ሙዚቀኛው መሣሪያውን ትቶ ይነሣና ወደ ላይ ይመጣል። ከዚያ ግብግብ ነው፣ ከዚያ ከከፍታ መውደቅ ነው። የጠፋችው ገጽ ያለችበት ቦታ ሲደርስ ታሪኩ ሳያፍር ዘሎ ያልፋታል። መጨረሻ ላይ ቆንጅት ሴት፣ ብርጭቆ፣ አረፋ።

ተመልሰን ስኮርሴዚ ቢሮ ነን። ካሜራው ቀስ እያለ በመስኮት ወደ ውጭ ያፈገፍጋል። ውጭ ምን እንዳለ አንነግራችሁም፤ የሂችኮክን «ዘ በርድስ» ያየ ሰው ግን ሳንነግረውም ገብቶታል።

ታዲያ ጽሑፉ እውነት ነበር? አልነበረም። ሂችኮክ እንዲህ የሚባል ነገር አልጻፈም። የጻፈው ቴድ ግሪፊን ነው፤ «ኦሽንስ ኢለቨን»ን የጻፈው። ደግሞ ያው ማስታወቂያው ውስጥ ስኮርሴዚን እያዋከበ የሚጠይቀው ሰውዬ ራሱ ግሪፊን ነው። የዓለም ትልቁ የፊልም ጠባቂ ነኝ ባይ በካሜራ ፊት ዓይኑን ሳያሽ ዋሸ ማለት ነው። ውሸቱ ግን ባዶ ውሸት አይደለም፤ ወደሱ እንመለሳለን።

ሂችኮክ ራሱ የማስታወቂያ ልጅ ነበር

ለማታውቁት፦ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1899 ለንደን ተወለደ፤ በ1980 አሜሪካ ሞተ። አባቱ አትክልት ነጋዴ ነበር። ከ50 በላይ ፊልም ሠርቷል። «ልብ አንጠልጣይ» የምንለውን የፊልም ዓይነት አሁን በምናውቀው መልኩ የቀረጸው እሱ ነው ቢባል ብዙ ተከራካሪ አይነሣም።

ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር አለ። ሂችኮክ ፊልም ከመግባቱ በፊት የሠራው የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያመርት ድርጅት ውስጥ ነው፤ እዚያ የማስታወቂያ ክፍል ገብቶ ማስታወቂያ ይነድፍ ነበር። የኤሌክትሪክ ገመድ! ይሄን ለማስተዋወቅ የደከመ ሰው ምንም ነገር ማስተዋወቅ አያቅተውም። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያስተዋውቅ ከፊልሙ ቁራጭ ቆርጦ አላሳየም፤ ራሱ ካሜራ ፊት ቆሞ እንደ አስጎብኚ ቤቱን ክፍል በክፍል እያሳየ «እዚህ ጋ አንድ ነገር ሆኗል» ብሎ አፉን ይይዛል። ቴሌቪዥን ላይ በነበረው ዝግጅቱም ከማስታወቂያው በፊት ወጥቶ በከፈሉት ድርጅቶች ላይ ያሾፍ ነበር። ሰውም ማስታወቂያውን ለማየት ይቀራል፤ ሰውዬው ደግሞ ምን ይል ይሆን እያለ።

ስለዚህ ስኮርሴዚ ለሂችኮክ እጅ የሚነሣበትን ሥራ በማስታወቂያ መልክ ማቅረቡ ክብሩን ዝቅ ማድረግ አይደለም። ሰውዬው የወጣበት ቤት ነው።

ጠረጴዛው ሥር ያለው ቦምብና ሊማሊሞ

ሂችኮክ ስለ ሥራው በደንብ ያወራው ለፈረንሳዩ ዳይሬክተር ለፍራንስዋ ትሩፎ ነው፤ ንግግራቸው እ.ኤ.አ. በ1966 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። እዚያ ውስጥ የሰጠው ምሳሌ ዛሬም በየፊልም ትምህርት ቤቱ ይጠቀሳል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ወሬ ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። እኛ ሳናውቅ ቢፈነዳ ድንጋጤው 15 ሰከንድ ነው። ቦምቡ እንዳለና ስንት ሰዓት እንደሚፈነዳ አስቀድመን ካወቅን ግን ያቺ ተራ ወሬ ለ15 ደቂቃ ታስጨንቀናለች። «ኧረ ተነሡ!» እንላለን። እነሱ ስለ ምንም ነገር ያወራሉ።

እስቲ ወደ ሰፈራችን እናምጣው። ገብስ የጫነ አይሱዙ ደባርቅ ላይ ቆሟል። ሾፌሩና ረዳቱ ሻይ ቤት ገብተው ይሣሣቃሉ። ካሜራው ዝቅ ብሎ የመኪናውን ሆድ ያሳየናል፦ የፍሬን ዘይት ጠብ፣ ጠብ ይላል። በቃ። ከዚህ በኋላ ሾፌሩ ሁለተኛ ሻይ ቢያዝ፣ ሒሳብ እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ቢባባሉ፣ ረዳቱ አንዷን ልጅ ሰላም ለማለት ቢቆም፣ እኛ መቀመጥ አንችልም። ምክንያቱም ወደ ዛሪማ የሚወስደው መንገድ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ጣሊያን ገደሉን ፈልፍሎ የሠራውን የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ማንም የስሜን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ገደሉን ማሳየት እንኳን አያስፈልግም። መኪናው ተነሥቶ፣ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ከመድረሱ በፊት አንድ ልጅ መሬት ላይ የቀረውን ጠብታ አይቶ እየሮጠ ቢጮህ፣ ከዚያ የመለዋወጫ ሱቁ ስም ቢመጣ፣ ያቺን ማስታወቂያ ማን ይዘላታል?

ወጪው ስንት ነው? አንድ ስልክ፣ አንድ የቆመ መኪና፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ። ድሮን የለ፣ ዋልያ የለ። (ዋልያው ራሱ አርፎ ሣሩን ይጋጥ። ቢራውም ብሔራዊ ቡድኑም በስሙ ሲጠሩ ኖረዋል፤ ዳሸንም ተራራችን እንደዚሁ።)

ስኮርሴዚ ከሂችኮክ የወሰደው ዋናው ነገር ይሄ ነው። አልባሳቱን፣ ቀለሙን፣ የፀጉር አሠራሩን ማንም መቅዳት ይችላል። ያቺን «እኛ እናያለን፤ ሰውዬው ግን አያይም» የምትለዋን ነገር ግን የገባው ብቻ ነው የሚሠራት።

ጠርሙሱ ለምን ይሠራል?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እኛ በጣም የወደድነው ክፍል ይሄ ነው።

የማስታወቂያ ሠሪ ዋና ችግር ምንድን ነው? ከፋዩ ስለ ዕቃው በጣም ያስባል፤ ተመልካቹ ግን ደንታ የለውም። ሱቁ «የሶፋውን ጥራት በደንብ አሳይልኝ» ይላል። ሰው ስለ ሶፋው አይጨነቅም።

ሂችኮክ ለዚህ ችግር መፍትሔ ነበረው፤ ያገኘው ግን ለማስታወቂያ ብሎ አይደለም። በፊልሞቹ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ የሚራኮቱበት አንድ ዕቃ አለ፦ ሰነድ ይሆናል፣ ምሥጢር ይሆናል። «ማክገፊን» ይለዋል። እነሱ ይሞቱለታል፤ ተመልካቹ ግን ዕቃው ምን እንደሆነ ግድ የለውም፤ ግድ የሚለው ለሰዎቹ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ተመልካቹ ግድ የማይለው፣ ግን ሁሉም የሚሯሯጥለት ዕቃ! የሚሸጠው ጠርሙስ ራሱ ማክገፊን ሆኖ ቁጭ አለ። ስኮርሴዚ ጠርሙሱን «ይጣፍጣል» አላለም። ስለ ወይኑ አንድም የሙገሳ ቃል ሳያስነግር፣ ሰው የሚደባደብለት አደረገው።

ደግሞ ከየትኛው ፊልም እንደመጣ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1946 ሂችኮክ «ኖቶሪየስ»ን ሠራ። እዚያ ውስጥ አንዲት ሴት የባሏን የወይን ጓዳ ቁልፍ ትሰርቃለች። ትልቅ ግብዣ ላይ ካሜራው ከአዳራሹ ጣሪያ ይነሣና ሰዉን ሁሉ አልፎ፣ ዝቅ እያለ፣ እያለ፣ ኢንግሪድ በርግማን መዳፍ ውስጥ የተደበቀችውን ያቺን ትንሽ ቁልፍ ላይ ያርፋል። ጓዳው ውስጥ ምን አለ? የወይን ጠርሙሶች። ጠርሙሶቹ ውስጥስ? የዩራኒየም ማዕድን። ቁልፍና የወይን ጠርሙስ! ወይን አስተዋውቅ ተብሎ የታዘዘ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ያመጣል? ደንበኛው የፈለገውና ዳይሬክተሩ የሚወደው አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ።

የሙዚቃ አዳራሹ ደግሞ ከሌላ ፊልም ነው። «ዘ ማን ሁ ኒው ቱ መች»ን ሂችኮክ ሁለት ጊዜ ሠርቶታል፣ እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1956። በሁለቱም ውስጥ ለንደን ያለው ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ ኦርኬስትራው እየተጫወተ ሰው ሊገደል ነው፤ ተኩሱ የሚሰማው ጸናጽሉ ሲመታ ነው። በ1956ቱ ኦርኬስትራውን የሚመራው ሰው ተዋናይ አይደለም፤ በርናርድ ኸርማን የሚባለው የሂችኮክ የሙዚቃ ደራሲ ራሱ ነው። በስኮርሴዚ ማስታወቂያ ላይ የምንሰማው ሙዚቃ የዚሁ ሰውዬ ነው፤ ለ«ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» እ.ኤ.አ. በ1959 የሠራው።

ኸርማን ደግሞ ለስኮርሴዚ የተጻፈ ስም ብቻ አይደለም። የመጨረሻ ሥራው የስኮርሴዚ «ታክሲ ድራይቨር» ሙዚቃ ነው። ቀረጻውን ጨርሶ ሆቴሉ ገባ፤ በዚያው ሌሊት አረፈ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1975 ለፈረንጆቹ ገና ዋዜማ። ለሂችኮክ የፊልም መግቢያ ጽሑፎችን የነደፈው ሶል ባስም በስተርጅናው ለስኮርሴዚ ሠርቷል፤ «ጉድፌላስ» እና «ካሲኖ» የእሱ እጅ አለባቸው። ስኮርሴዚ ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው በ«ሬጂንግ ቡል» ውስጥ ያለውን አንዱን የቦክስ ግጥሚያ ያቀናበረው የ«ሳይኮ»ን የመታጠቢያ ቤት ግድያ ምስል በምስል አጥንቶ ነው። ቦክስ ከመታጠቢያ ቤት! ይሄ ነው መማር ማለት።

መቅዳትና እጅ መንሣት

በኛ ሀገር ቅኔ የተማረ ሰው ይሄን ልዩነት ለማስረዳት ስኮርሴዚ አያስፈልገውም። ተማሪው የመምህሩን መንገድ ይይዛል፣ የመምህሩን ቤት ልክ ይጠብቃል፣ ከማን እንደተማረም በኩራት ይናገራል። ትናንት ሌላው የተቀኘውን ግን ዛሬ የኔ ብሎ ሊያቀርበው አይችልም፤ ቅኔ አዲስ ነው የሚቆጠረው። መንገዱ የመምህሩ፣ ቅኔው የተማሪው።

የስኮርሴዚ ማስታወቂያ በዚህ ሚዛን ያልፋል። የሂችኮክን ስም ገና ሲጀምር ነው የጠራው። የሂችኮክን ፊልም ቆርጦ አልለጠፈም፤ አዲስ ቀርጾ ነው የሠራው። ያላየ ሰው ቢያየው በራሱ ይቆማል፤ ያየ ሰው ቢያየው ደግሞ «ይሄ ከዚያ ነው፣ ያቺ ከዚህ ናት» እያለ በእጥፍ ይደሰታል። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ የሰው የጭላዳ ቪዲዮ ይወረድና፣ ጥግ ላይ ያለችው ስም ትቆረጥና፣ የራስ አርማ ይለጠፍበታል። በስሜን ብርድ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ አድሮ ያንን የቀረጸ ሰው አለ እኮ።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር እንበል፤ መጠየቁ አይቀርም። ይሄ ማስታወቂያ ዛሬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሊተላለፍ አይችልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶታል። በኛ አስተያየት ጥሩ አደረገ። ከሕጉ በፊት ቢራና ተራራ፣ ቢራና ጀግና፣ ቢራና ባህል ያልተጋቡበት ቀን አልነበረም። በስፔን ግን የዚህ ወይን ፋብሪካ፣ ፍሬሸኔት ይባላል፣ የገና ማስታወቂያው እንደ ዓመት በዓል ፕሮግራም የሚጠበቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ዘፋኟን ላይዛ ሚኔሊን ካመጡ ወዲህ ታዋቂ ሰው ሲያፈራርቁ ኖረዋል። ለስኮርሴዚ «የፈለግከውን ሥራ» ያሉት ከዚያ ልማድ ተነሥተው ነው። ከሥራው የምንማረው ዘዴውን ነው፤ ጠርሙሱን ሌላ ይጠጣው።

ውሸቱ ውስጥ ያለው እውነት

አሁን ወደ ውሸቱ እንመለስ። «የጠፋ የሂችኮክ ሥራ አገኘሁ» የሚለው ቀልድ ነው። ግን የጠፋ የሂችኮክ ሥራ በእውነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣው ሁለተኛ ፊልሙ «ዘ ማውንቴን ኢግል»፣ «የተራራው ንስር» እንበለው፣ አንድም ቅጂ አልተገኘም። የቀሩት ጥቂት ፎቶዎች ናቸው። የእንግሊዝ የፊልም ተቋም እስከ ዛሬ ከሚፈልጋቸው ፊልሞች አንዱ ነው። የሂችኮክን ያህል ስም ያለው ሰው ፊልም እንዲህ ደብዛው ከጠፋ፣ የሌላውማ ምን ይሆናል? የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት ከአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች ውስጥ 70 በመቶው እንደጠፋ ተናግሯል። የተቃጠለ አለ፣ የበሰበሰ አለ፣ ቦታ ያዘብን ተብሎ የተጣለ አለ።

ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ1990 ከሌሎች ዳይሬክተሮች ጋር ሆኖ ፊልም የሚያድስ ተቋም አቋቁሟል፤ እስካሁን ከ900 በላይ ፊልም እንዲታደስ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2007፣ ይሄን ማስታወቂያ በሠራበት በዚያው ዓመት፣ ደግሞ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ውጭ ያሉ ተረስተው የቀሩ ፊልሞችን የሚያድስ ሌላ ክንፍ ጀመረ። «ያልተሠራ ፊልም ማደስ» ብሎ የቀለደው ሰው ጠዋት ማታ የሚሠራው የተሠሩትን ከሞት ማትረፍ ነው። ቀልዱ በራሱ ላይ ነው።

በዚህ በሁለተኛው ፕሮጀክት ዝርዝር ውስጥ ደግሞ አንድ የጎንደር ልጅ አለ።

ኃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። አባቱ አባ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት ናቸው፤ ተውኔትም ይጽፉ ነበር። ኃይሌ አሜሪካ ፊልም እየተማረ ሳለ ተመልሶ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ዘመኑ 1966 ዓ.ም. ነው፣ ዙፋኑ ሊወድቅ ሲንገዳገድ። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የፈጀው፤ በ16 ሚሊሜትር፣ በጥቁርና ነጭ። የባለ ርስትና የጭሰኛ ታሪክ ነው፤ የተጫወቱትም ካሜራ የማያውቁ ገበሬዎች ናቸው። ጥቂት ወራት ቢዘገይ ያ ሀገር አይኖርም ነበር። ሥርዓቱ ሄዷል። ፊልሙ ግን አለ፤ ሰው አስቦ ስላዳነው አለ። ኋላ በ«ጤዛ» ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትን ሲያገኝ ብዙዎቻችን ስሙን ሰማን። የመጀመሪያውን ፊልም ግን ከኛ ስንቱ አይቶታል?

እዚህ ያለውስ?

ደባርቅ ላይ፣ ዳባት ላይ፣ የድሮ ፎቶ ቤትና ቪዲዮ ቤት የነበራቸው ሰዎች መደርደሪያ ላይ ምን እንዳለ አስቡት። በቪኤችኤስ ካሴት የተቀረጸ ሠርግ፣ ጥምቀት፣ የትምህርት ቤት ምረቃ፣ ገበያ። ያኔ «ለሠርጉ» ተብሎ የተቀረጸው ውስጥ ከጀርባ አስፋልት ያልገባበት መንገድ ይታያል፣ ዛሬ የሌሉ ሰዎች ይጨፍራሉ፣ ዛሬ የፈረሰ ቤት ቆሟል። ለማስታወቂያ ሠሪ ልጅ ደግሞ ይሄ ሀብት ነው፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ስሙን ጠርቶ ከተጠቀመበት ከማንም ጭላዳ የበለጠ የሰፈሩን ሰው ልብ ይይዛል። የዳባትን የድሮ ገበያ በሰላሳ ሰከንድ ማስታወቂያ ውስጥ አይቶ «ያ እኮ አጎቴ ነው!» የማይል ማን አለ?

ካሴት ግን ዕድሜ አለው። ሥዕሉና ድምፁ ያለው ፕላስቲኩ ላይ በተቀባው የማግኔት ዱቄት ላይ ነው፤ ሙጫው ሲደክም ዱቄቱ ይረግፋል። የኛ ክረምት ደግሞ ጭጋግ ነው፤ እርጥበት ሲገባው ሻጋታ ያበቅላል። የሻገተ ካሴት ማጫወቻ ውስጥ ብትከቱት ካሴቱም ማጫወቻውም ይበላሻል፤ መጀመሪያ በሚያውቅ ሰው ይጸዳ። ያልሻገተውን ከምድጃና ከግድግዳ እርጥበት አርቃችሁ፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጡት፤ አታጋድሙት። የሚሠራ ማጫወቻ ያለው ሰው ካገኛችሁ ሳይውል ሳያድር ወደ ኮምፒውተር አስገለብጡ። ስትገለብጡ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ላዩ ላይ ጻፉበት፦ የማን ሠርግ፣ የት፣ ስንት ዓ.ም.፣ ማን ቀረጸው። የቀረጸው ሰው ስም ካልተጻፈ ነገ እጅ የምንነሣለት ሰው አይኖርም።

ካሴት ያላችሁና ማስገልበጫ ያጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ጎንደር ላይ የሚሠሩ ቤቶችን እያጠያየቅን ነው፣ ዋጋውን እንዳወቅን እናሳውቃለን። የስኮርሴዚ ማስታወቂያ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ። ስታዩት በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ መስኮቱ ጋ እስክትደርሱም እንዳትዘጉት።